አሮጌዋን ባለ 6 ጎማ የውሃና የየብስ መኪና ማደስና ማጠናከር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካናዳና አሜሪካ፣ በተለይ ከከተማ ወጣ ብላችሁ የምትኖሩ ሰዎች ሳታዩዋት አትቀሩም። ጎረቤት ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሳ ትቀመጣለች፤ በየጸደዩ ደግሞ «አትነሳም፣ ግን ዕቃዋ ሙሉ ነው» የሚል የሽያጭ ማስታወቂያ ይወጣባታል። ገዝተው ሊያድሷት የሚያስቡ ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ስለሚመሳሰሉ እዚህ አንድ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። የምናወራው በዋናነት ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ ስለተሠሩት ባለ 2 መቀመጫ ትንንሾቹ ነው። ዓመተ ምህረቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ይቺ ምን ዓይነት መኪና ናት?

ጎማ የተገጠመለት ትልቅ የፕላስቲክ ገንዳ አስቡ። በየጎኑ 3 ወፋፍራም ጎማ አለ፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ካቴናዎቹ ገንዳው ውስጥ ናቸው። የፊት ጎማዎቿ ወደ ጎን አይጠማዘዙም። ወደ ግራ ለመዞር የግራዎቹን ጎማዎች ትይዛላችሁ፣ የቀኞቹ ገፍተው ያዞሯታል። ዶዘርም የሚዞረው እንደዚሁ ነው። ሞላም ባሌስትራም የላትም። ንዝረቱን የሚውጠው የጎማው አየር ብቻ ነው።

የዚህ ዓይነቷ መኪና ታሪክ የሚጀምረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካናዳ ውስጥ በተሠራችው ጂገር ነው። ከዚያ አምፊካት፣ አቴክስ፣ ሀስለርና ሌሎችም መጡ። ቡፋሎ፣ ኒውዮርክ ይሠራ የነበረው ማክስም አለ። በ1962 ኒው ሃምበርግ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ የተቋቋመው ኦንታሪዮ ድራይቭ ኤንድ ጊር ደግሞ በ1967 አርጎን አወጣ፤ አርጎ ዛሬም ይሠራል። ከቀሩት ብዙዎቹ ከገበያ ከወጡ ቆይተዋል። ስለዚህ የምትገዟት መኪና የማን ሥራ እንደሆነች ማወቅ የናፍቆት ጉዳይ አይደለም። መለዋወጫ ታገኙ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚወስነው እሱ ነው።

አሮጌዋን ስገዛ ምን ምን ልይ?

ሞተሩን መጨረሻ ላይ እዩት። ሻጩ አስነስቶ ሊያስደንቃችሁ ይሞክራል፤ ይተውት። ሞተር የትም ይገኛል። እንደ ልብ የማይገኘው ሰውነቷና ካምቢዮዋ ነው።

በክሪክ አንሷትና እያንዳንዱን ጎማ ላይና ታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ቢንቀጠቀጥ ወይ ኩሽኔታው አልቋል ወይ ኩሽኔታው የተቀመጠበት ብረት ተሰንጥቋል። ቀጥሎ ጎማውን አሽከርክሩና ከጎን ሆናችሁ ተመልከቱ። እየተወላገደ ከዞረ አክስሉ ወይ ቸርኬው ታጥፏል። ከዚያ በአንድ ጎን ያለውን አንዱን ጎማ በእጅ አዙሩ። የዚያው ጎን ሌሎቹ ሁለቱ አብረው መዞር አለባቸው። አንዱ ከቀረ ካቴና ተበጥሷል ወይም ጥርሱ አልቋል።

ወለሉን በባትሪ መብራት ፈትሹ። ሻንሲው ላይ ዙሪያውን እኩል ከፍታ ያለው የዝገት መስመር ካያችሁ፣ መኪናዋ ውስጧ ውሃ ተኝቶባት ከርማለች ማለት ነው። ከመስመሩ በታች ያለውን ብረት በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጉት። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፣ የበሰበሰ ድምፁ የታፈነ ነው። ሰውነቷን ደግሞ አክስሎቹ በሚወጡባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ እዩ። ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሰውነቷ ከምን እንደተሠራ እንዴት ልወቅ? የተሰነጠቀውንስ እንዴት ልጠግን?

ይሄ ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ያድናል፤ ምክንያቱም ለአንዱ ፕላስቲክ የሚሆነው ጥገና ለሌላው ጭራሽ አይሠራም። አሮጌዎቹ ላይ በብዛት የምታገኙት ኤቢኤስ ወይም ፖሊኢታይሊን ነው። አንዳንዴም ፋይበርግላስ አለ።

ከማይታይ ቦታ በምላጭ ትንሽ ፍቅፋቂ ውሰዱና ንጹሕ ውሃ ላይ ጣሉት። ከተንሳፈፈ ፖሊኢታይሊን ነው። ከሰመጠ ኤቢኤስ ወይም ፋይበርግላስ ነው። ኤቢኤስ መሆኑን ለማረጋገጥ በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ አሴቶን አድርጉበት። ኤቢኤስ ይለሰልስና ይጣበቃል፤ ፋይበርግላስም ፖሊኢታይሊንም ምንም አይላቸውም።

ኤቢኤስ ለጥገና ይመቻል። የዚያኑ ፕላስቲክ ቁርጥራጭ አሴቶን ውስጥ አሟሙታችሁ ወፍራም ሊጥ ስታደርጉት ስንጥቁን ከሁለቱም ጫፍ አቅልጦ ያዋህደዋል። ከውስጥ በኩል ሰፋ ያለ የኤቢኤስ ቁራጭ ለጥፉበት። ችግሩ ዕድሜ ነው። ለዓመታት ፀሐይ የበላው ኤቢኤስ ይደርቃል፤ አንዱን ስትደፍኑ አጠገቡ ይሰነጠቃል። እንዲህ የደረቀ ከሆነ ወለሉን በሙሉ ከውስጥ በፋይበርግላስና በኢፖክሲ መሸፈን ይሻላል።

ፖሊኢታይሊን ሌላ ጉዳይ ነው። የተለመደ ማጣበቂያ አይዘውም። ኢፖክሲውም፣ ሲሊኮኑም፣ «ሁሉን ያጣብቃል» ተብሎ የሚሸጠውም ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ ልጣጭ ይነሳል። መፍትሔው የሙቅ አየር ብየዳ ነው፤ የሚጨመረው ዘንግም ያው ፖሊኢታይሊን መሆን አለበት። ስንጥቁን በቪ ቅርጽ ክፈቱት፣ የላዩን ያረጀ ፕላስቲክ ፋቁ፣ ከዚያ በይዱ።

ለሁለቱም የሚሠራ አንድ ነገር አለ። ከመበየዳችሁ በፊት በስንጥቁ መጨረሻ ላይ በትራፓኖ 4 ሚ.ሜ ያህል ቀዳዳ አብጁ። ስንጥቅ የሚሮጠው ጫፉ ስለት ስለሆነ ነው። ክብ ቀዳዳ ሲያገኝ ይቆማል።

ሻንሲውን ማጠናከር እፈልጋለሁ። ምን ያህል ብረት ልጨምር?

በመጀመሪያ የሚታሰበው «ወፍራም ብረት ይሁን፣ አይሰበርም» ነው። ለእርሻ ጋሪ ቢሆን እስማማለሁ። ይቺ ግን ጀልባም ናት፤ ክብደቷ በቀጥታ ከምትሰምጥበት ጥልቀት ጋር የተያያዘ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የጨመራችሁት እያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ውሃ መግፋት አለበት። የሰውነቷ ስፋት፣ ውሃው በሚደርስበት ከፍታ ላይ፣ 2 ካሬ ሜትር ያህል ቢሆን፣ 100 ኪ.ግ መጨመር መኪናዋን 5 ሴ.ሜ ያሰምጣታል። ሁለት ሰው ተቀምጦ ከውሃው በላይ የሚተርፈው የግድግዳ ከፍታ ብዙ አይደለም፤ ከዚያ ላይ 5 ሴ.ሜ መቀነስ ከባድ ነው። የራሳችሁን ለክታችሁ አስሉት። ጎማዎቹም የተወሰነ ስለሚያግዙ ትክክለኛው ቁጥር ትንሽ የተሻለ ይሆናል።

ስለዚህ ጥያቄውን «የት ይሰበራል?» ብሎ መለወጥ ይሻላል። አሮጌ ሻንሲዎች በአብዛኛው የሚሰነጠቁት የታወቁ ቦታዎች ላይ ነው። የውጪዎቹ ኩሽኔታዎች የሚታሰሩባቸው ሳህኖች፣ ካምቢዮው የሚቀመጥበት ድልድይ፣ የሞተሩ መቀመጫ፣ ተጎታች የሚታሰርበት የኋላ ጫፍ። እነዚህን አጠናክሩ፤ ሌላው ጤነኛ ከሆነ አትንኩት።

ቱቦላሬ መቀየር ግድ ከሆነም ውፍረት ከመጨመር ይልቅ ስፋት መጨመር ያዋጣል። ባለ 40 በ40 ቱቦላሬ፣ ግድግዳው 3 ሚ.ሜ የሆነው፣ በሜትር 3.5 ኪ.ግ ገደማ ይመዝናል። ባለ 50 በ50ው፣ ግድግዳው 2 ሚ.ሜ ብቻ የሆነው፣ በሜትር 3 ኪ.ግ ገደማ ነው። ቀላሉ ግን ለመታጠፍ ከከባዱ 45 በመቶ ገደማ ይበልጥ ያስቸግራል። ቦታው የሚበቃ ከሆነ ሰፊውን ውሰዱ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ስስ ግድግዳ ዝገት ቶሎ ይበሳዋል፣ ቡሎን ሲጠብቅበትም ይጨፈለቃል። ቡሎን በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ውስጡን የሚደግፍ አጭር ቧንቧ አስገብታችሁ በይዱ።

የማጠናከሪያ ላሜራ ስትለጥፉ ጫፉ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ቱቦላሬውን ከላይ ወደ ታች እንዲሻገር አታድርጉ። ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ ቅርጽ ስጡት። ቀጥ ብሎ የሚያልቅ ላሜራ ጭነቱን በሙሉ አንድ መስመር ላይ ያራግፋል፤ ቀጣዩ ስንጥቅ እዚያው የብየዳው ጠርዝ ላይ ይወጣል። «ተበይዶም ተሰበረ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው። በያጁን ከመውቀሳችሁ በፊት የላሜራውን ቅርጽ እዩት።

በአሉሚኒየም ብሠራውስ?

ክብደቱ የብረት አንድ ሦስተኛ ነው፤ ግትርነቱም አንድ ሦስተኛ ነው። ስለዚህ ያንኑ መጠን ያለው አሉሚኒየም ብትተኩ ሻንሲው እንደ ላስቲክ ይተጣጠፋል። ብየዳ ዙሪያ ያለው ክፍል ደግሞ ጥንካሬው በጣም ይቀንሳል። በደንብ የተነደፈ የአሉሚኒየም ሻንሲ ድንቅ ነገር ነው፤ ከብረቱ ኮፒ የተደረገ ግን አይሆንም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታድሱ ከሆነ ብረት ላይ ቆዩ።

ብየዳ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

ሻንሲው ከተጣመመ አክስሎቹ ትይዩ አይሆኑም፤ አክስሎቹ ትይዩ ካልሆኑ ካቴና ይበላል። ስለዚህ ከመበየዳችሁ በፊት ሻንሲውን ቀጥ ባለ ጠንካራ ነገር ላይ እሰሩት። በአንድ ወገን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፣ እያፈራረቃችሁ አጫጭር በይዱ። ዲያጎናሉን በሜትር ለኩ፣ በይዱ፣ እንደገና ለኩ።

ዚንክ የተቀባ ብረት ከሆነ የምትበይዱበትን ቦታ ቀድማችሁ ፋቁት። ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። የድሮ ጋራዥ ሰዎች «ወተት ጠጣበት» ይላሉ። ወተቱን ጠጡ፣ ግን ቦታው አየር ይኑረው፣ ጭንብልም አድርጉ።

ቱቦላሬው በሁለቱም ጫፍ ተደፍኖ ከሆነ ውስጡ እርጥበት ይቀራል። ስትበይዱ እንዳይፈነዳ ትንሽ ቀዳዳ አብጁለት። ሥራው ሲያልቅ በዚያው ቀዳዳ የዝገት መከላከያ ሰም እርጩበት።

ከሥር የብረት ሳህን ልግጠም? ድንጋይ እየመታት ነው።

የፖሊኢታይሊን ጣውላ ግጠሙ። አንድ ካሬ ሜትር፣ 6 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው፣ 6 ኪ.ግ እንኳ አይሞላም። 2 ሚ.ሜ ላሜራ ግን ወደ 16 ኪ.ግ ነው። ፕላስቲኩ በራሱ ይንሳፈፋል፣ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል፣ አይዝግም። በሱና በሰውነቷ መካከል ጭቃ እንዳይከማች ከኋላ በኩል ማፍሰሻ ተዉለት። ለማሰሪያ አይዝጌ ቡሎን ከሰፊ ሮንዴላና ከጎሚኒ ጋር ተጠቀሙ፤ የቡሎኖቹን ቁጥር ግን ቀንሱ። እያንዳንዱ ቀዳዳ የወደፊት ፍሳሽ ነው።

ካቴናዎቹን ሁሉ መቀየር አለብኝ?

ለኩና ወስኑ። ብዙዎቹ አሮጌዎች ላይ ያለው ቁጥር 50 የሚባለው ካቴና ነው፤ ከፒን እስከ ፒን 15.875 ሚ.ሜ። 20 ክፍተት ስትቆጥሩ አዲሱ 317.5 ሚ.ሜ ይሆናል። ወጥራችሁ ለክታችሁ 324 ከደረሰ 2 በመቶ ረዝሟል፤ ጣሉት። የተቆለመመ ጥርስ ካያችሁም ካቴናውንና ጥርሱን አብራችሁ ቀይሩ። አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ዕድሜው አጭር ነው።

ካቴና እዚህ መኪና ላይ ከሞተርሳይክል በላይ ከባድ ጉዳይ ነው። ፍሬኑ ያለው ጎማው ላይ ሳይሆን ካምቢዮው አጠገብ ነው። ይህ ማለት ከካምቢዮ የሚወጣው ካቴና ሲበጠስ የዚያ ጎን ጉልበት ብቻ ሳይሆን ፍሬኑም አብሮ ይሄዳል። ቁልቁለት ላይ ሆናችሁ አስቡት። ስለዚህ ሌላ ቦታ ገንዘብ ቆጥቡ፣ ካቴና ላይ ግን ርካሹን አትግዙ። የማያያዣዋ ክሊፕ በትክክል መግባቷን ሁለቴ እዩ።

አወጣጠሩም ልክ አለው። በሁለቱ አክስሎች መካከል ካለው ርቀት 2 በመቶ ያህል ይርገብ። ርቀቱ 60 ሴ.ሜ ከሆነ መሀሉ ላይ 12 ሚ.ሜ ገደማ መንቀሳቀስ አለበት። ከዚህ በላይ ሲጠብቅ ኩሽኔታ ይጨርሳል፤ ሲላላ ጥርስ ይዘላል፣ አልፎ ተርፎም የሰውነቷን ግድግዳ ይገርፋል።

መሪው ይጎትታል፣ ወደ አንድ ጎንም አይዞርም። ካምቢዮው ሞተ ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ የጎማዎቹን አየር እዩ፤ በዚህ ላይ ወደ በኋላ እመለሳለሁ። ከዚያ መያዣዎቹን (የምትስቧቸውን የመሪ እጀታዎች) ከነዘንጎቻቸው ማስተካከል ይቀጥላል።

ዓይነቱን ለዩ። ማክስና ሌሎች በርካታ መኪኖች ላይ ያለው ቦርግ ዋርነር የሠራው ቲ-20 የሚባል ካምቢዮ ነው። ሁለት መያዣዎች አሉት። አንዱን ስትስቡ በመጀመሪያ የዚያ ጎን ጉልበት ይቋረጣል፣ አጥብቃችሁ ስትስቡ ይያዛል። ሁለቱንም ስትስቡ መኪናዋ ትቆማለች። የቀደሙት አርጎዎች ደግሞ በዲፈረንሻል ይሠራሉ። አንዱ ጎን በፍሬን ሲያዝ የሱ ዙር ወደ ሌላኛው ይሄድና ያኛው ጎን ይፈጥናል። የመጀመሪያው ዓይነት ላይ ማስተካከያው ሲላላ መኪናዋ ጉልበቷን ታጣለች። ሁለተኛው ላይ የፍሬን ሸራ ሲያልቅ መዞር እንቢ ትላለች። ምልክቶቹ ስለሚለያዩ የአንዱን ምክር ለሌላው አትጠቀሙ።

ሞተሩን በአዲስ ባለ 4 ምት ልተካው?

ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ቡሎኖቹን አዛምዶ መግጠም ብቻ አይምሰላችሁ። ብዙዎቹ አሮጌዎች ባለ 2 ምት ሞተር ነበራቸው፤ ጄኤልኦና ሳክስን የመሰሉ። ቀላል ናቸው፣ በከፍተኛ ዙር ይሠራሉ። ዛሬ የምትገዙት የሣር ማጨጃ ዓይነት ባለ 4 ምት ሞተር በደቂቃ 3,600 ዙር ላይ ይገደባል።

ጣጣው ቺንጋው ላይ ነው። ከሞተሩ ጫፍ ያለው የሲቪቲ (ማርሽ ሳይቀየር በቺንጋ ፍጥነት የሚያለዋውጥ) ፍሪሲዮን የሚከፈተውና የሚዘጋው በዙር ፍጥነት ነው። ለባለ 2 ምት የተሠራው ገና ሊይዝ ሲጀምር አዲሱ ሞተር የዙሩን አብዛኛውን ጨርሷል። ውጤቱ የተቃጠለ ቺንጋና «አዲሱ ሞተር ጉልበት የለውም» የሚል ቅሬታ ነው። ሞተር ስትቀይሩ ለዚያ ሞተር ዙር የተሠራ ፍሪሲዮንም በጀት ውስጥ አስገቡ። የዘንጉን ውፍረትና የዙሩን አቅጣጫም ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ።

ሌላው ሙቀት ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ተዘግቶ ሲቀመጥ ያሞቀውን አየር መልሶ ይስባል። ቀዝቃዛ አየር የሚገባበትና ትኩሱ የሚወጣበት መንገድ ለየብቻ ይሁን። ማርሚታው ከሰውነቷ ይራቅ፣ መካከሉም ላይ ላሜራ ይኑር። ኤቢኤስ መለስለስ የሚጀምረው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ማርሚታ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ጎማዎቹ ላይ ስንት አየር ልሙላ?

በአብዛኛው ከ2 እስከ 5 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ)። አዎ፣ የቤት መኪና 30ና ከዚያ በላይ በሚይዝበት ዓለም 2። የተለመደው መለኪያ ይህን በትክክል አያነብም፤ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራውን ግዙ።

ከቁጥሩ በላይ የሚያስፈልገው እኩልነት ነው። በአንድ ጎን ያሉት 3 ጎማዎች በካቴና ስለታሰሩ እኩል ዙር ነው የሚዞሩት። አንዱ አየሩ ሲያንስ ቁመቱ ያጥራል፤ ካቴናው ከመሬቱ ጋር ይታገላል። ስለዚህ የዙሪያቸውን ልክ በሜትር እየለካችሁ አመጣጥኗቸው። ያንድ ጎን አጠር ካለ ደግሞ መኪናዋ ወደዚያ ትጎትታለች። አሁን ወደ መሪው ጥያቄ ተመልሳችሁ አንብቡ።

ጎማዎቹ ለመንሳፈፍም ያግዛሉ። 22 ኢንች ቁመትና 11 ኢንች ስፋት ያለው አንድ ጎማ ወደ 60 ሊትር ቦታ ይይዛል። ቀዛፊዎቹም እነሱው ናቸው፤ ጥርሳቸው ያለቀ ጎማዎች ውሃ ላይ እዚያው እየዞሩ ይቀራሉ። በጤነኛ ጎማም ቢሆን ፍጥነቷ ሰው በእግሩ ከሚሄደው አይበልጥም።

ውሃ ከመግባቴ በፊት እንዴት ልሞክራት?

ደረቅ መሬት ላይ ጀምሩ። ሰውነቷን ሥሩን በደንብ ደግፋችሁ ውስጧ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ አፍስሱ። የሚንጠባጠበውን በኖራ አመልክቱ። ብዙ አትሙሉ። 10 ሴ.ሜ ብትሞሉ ወደ 200 ኪ.ግ ነው፤ ሰውነቷ ይህን ከውስጥ እንድትሸከም አልተሠራችም።

ከዚያ ጸጥ ያለ፣ ወገብ የማያልፍ ውሃ ፈልጉ። የውሃ ማፍሰሻው ቡሽ መዘጋቱን እዩ (ሳቁ፣ ግን እዩት)። ገመድ እሰሩባት፣ የሕይወት ጃኬት ልበሱ። ሰው ከመጫን በፊት የአሸዋ ከረጢት ጭናችሁ ከውሃው በላይ የሚተርፈውን ግድግዳ በአራቱም ማዕዘን ለኩ። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች ባትሪውን ወይም ነዳጁን አዛውሩ። የውሃ መምጠጫ ፓምፕ ግጠሙ፤ ሽቦው በቀጥታ ከባትሪው በፊውዝ ይምጣ፣ የሞተሩ ቁልፍ ቢዘጋም እንዲሠራ።

የቤንዚን ሽታ ይሸታል። ያስፈራል?

በጣም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ይቺ መኪና ደግሞ ሥሯ ድፍን ነው። የፈሰሰው ወለሉ ላይ ተኝቶ የአንዲት ብልጭታ ቀን ይጠብቃል። የነዳጅ ቱቦዎቹን በሙሉ በአዲስ ቀይሩ። የሞተሩን ክዳን ሳትከፍቱና ሳታሸቱ አታስነሱ። ከሸተተ ቀኑ የጥገና ቀን ነው። እሳት ማጥፊያውን ከመቀመጫው አጠገብ እሰሩት፤ ሞተር ክፍል ውስጥ ያለ እሳት ማጥፊያ ለጌጥ ነው።

ጣሪያ፣ ኬጅ (ስትገለበጥ የሚከላከል የቧንቧ ክፈፍ)፣ እንደ ዶዘር ያለ ሰንሰለታማ ጎማ ልጨምርባት?

ቤት ውስጥ ከቧንቧ የተሠራ ኬጅ ስትገለበጥ ሊያድናችሁ ይችል ይሆናል፤ ላያድናችሁም ይችላል። ያልተፈተነ ነገር ነው። በእርግጠኝነት የሚያደርገው ግን የክብደቷን ማዕከል ከፍ ማድረግ ነው፤ ያ ደግሞ የመገልበጥ ዕድሏን ይጨምራል፤ ውሃ ላይም ያንገዳግዳታል። ውሃ ውስጥ ብትገለበጥ ከሥሩ መውጣትም ይከብዳል። ሰንሰለቱ በረዶና ረግረግ ላይ ግሩም ነው፣ ግን አክስሎቹና ካቴናዎቹ ላይ ያለውን ጫና በእጅጉ ያበዛል። ሁለቱም ካልታደሱ አትግጠሙት።

አስፋልት ላይ መንዳት ይቻላል?

በሜካኒኩ በኩል አይመከርም። ስትዞር ጎማዎቿ መንሸራተት አለባቸው፤ ደረቅ አስፋልት አያንሸራትትም። ጭነቱ ሁሉ ካቴናና አክስል ላይ ይወድቃል። በሕግ በኩል እንደየአካባቢው ይለያያል፤ የምትኖሩበትን ክፍለ ሀገር ወይም ስቴት ደንብ እዩ።

ወደ አገር ቤት ልላካት? ጣና ላይስ ትሄዳለች?

ይሄ ጥያቄ ቀርቶ አያውቅም። መላኩን በተመለከተ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከላቸው ተገልጿል። እንዲህ ዓይነቷ ከየትኛው ምድብ እንደምትገባ ጉምሩክን በጽሑፍ ሳትጠይቁ ለመርከብ አትክፈሉ።

ጣና ላይ? ዳር ዳሩን፣ ጸጥ ባለ ጠዋት፣ ምናልባት። ማዕበል ለሚነሳበት ክፍት ሐይቅ አልተሠራችም፤ ግድግዳዋ አጭር ነው። እዚያ ላይ እምቦጭ አለ። ሥሩና ግንዱ አክስል ላይ ከተጠመጠመ ጎሚኒውን ገፍቶ ውሃ ያስገባል። እዚህም ቢሆን የውሃ አረም ያለበት ቦታ ገብታችሁ ከወጣችሁ በኋላ አክስሎቹን አንድ በአንድ አጽዱ። አረሙን ወደ ሌላ ውሃ ይዞ መሄድም በብዙ ቦታ ያስቀጣል።

ሁሉ ነገር ስንት ያስወጣኛል?

ቁጥር አልሰጥም፤ ቅደም ተከተል ግን እሰጣለሁ። መጀመሪያ ኩሽኔታ፣ ጎሚኒና ካቴና። ቀጥሎ ፍሬንና የነዳጅ መስመር። ከዚያ ሻንሲ። ጎማዎቹ 6 ስለሆኑ ዋጋቸው ያስደነግጣል፤ ጥርስ ካላቸው ይቆዩ። ሞተር መጨረሻ ነው፣ አሮጌው የሚነሳ ከሆነ። ቀለም በጀት ውስጥ አይግባ።

በበረዶው ወቅት እንዴት ላስቀምጣት?

የማፍሰሻውን ቡሽ አውጡና አፍንጫዋን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አቁሟት። ውስጧ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፣ ፓምፑንም ይሰነጥቃል። ካቴናዎቹን ዘይት ቀቡ፣ ኩሽኔታዎቹ ውስጥ አዲስ ግራሶ አሮጌው ተገፍቶ እስኪወጣ ሙሉ። ባትሪውን ቤት አስገቡ። የአየር መሳቢያውንና የማርሚታውን አፍ በሽቦ ወንፊት ድፈኑ፤ አይጥ ይወዳቸዋል። ቡሹን ደግሞ መሪው ላይ በገመድ አንጠልጥሉት፣ በጸደይ ሳትገጥሙት እንዳትነሱ።